የሥራ ተቋራጭነት ፈቃዴን ለአማቼ ላውሰው ወይ?

ጥያቄው፦ «ደብረ ብርሃን የምኖር የደረጃ 6 ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ ነኝ፤ ፈቃዱ በግል ስሜ ነው። ሥራ ከቀዘቀዘብኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የባለቤቴ ወንድም በግንበኝነትና በፎርማንነት ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ የራሱ ፈቃድ ግን የለውም። እነዋሪ ላይ ለወጣ የትምህርት ቤት ግንባታ በእኔ ፈቃድ ተወዳድሮ ካሸነፈ 4 በመቶ ሊሰጠኝ ተስማማን። ውክልና ሰጠሁት። የንግድ ፈቃዴ ሳይታደስ ታኅሣሥ አልፎ ስለነበር ቅጣቱን ከፍሎ አሳደሰው፤ ዋናው ፈቃድም በእጁ ነው። የጨረታ ሰነዱን ወደ 12 ሚሊዮን ብር በሚጠጋ ዋጋ ሞልቶ አስገብቷል፤ ሳጥኑ የሚዘጋው ከ9 ቀን በኋላ ነው። ‹ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ› ብሎ በሦስት እማኞች ፊት ሊፈርምልኝ ተዘጋጅቷል። ሕጉ ምን ይላል? ወረቀቱስ ያድነኛል?»

ወንድሜ፣ ከሕጉ በፊት ስለ ቀኑ እናውራ። ሳጥኑ እስኪዘጋ ዘጠኝ ቀን አለዎት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ወደ እኔ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ቅድመ ክፍያው ተበልቶ፣ ሥራው ቆሞ፣ አማካሪው መሐንዲስ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ከጻፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የምመክረው ነገር ያጥረኛል። እርስዎ በጊዜ ስለጠየቁ አጭሩን መልስ አስቀድሜ እሰጥዎታለሁ፦ ፈቃዱን አያውሱ፤ የሰጡትን ውክልና በዚህ ሳምንት ይሻሩ፤ የገባውን ሰነድ ሳጥኑ ሳይዘጋ በጽሑፍ ያስወጡ። እማኞች የሚፈርሙበት ወረቀት አያድንዎትም። አማችዎን ግን አያባርሩት፤ ለእሱም መንገድ አለ፤ እመለስበታለሁ።

ፈቃድ ማከራየት በእኛ ሙያ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ጮክ ብሎ የማያወራው ነገር ነው። የሚያከራየው ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አለኝ፤ ወረቀቱ ሥራ ፈትቷል፤ ሌላ ሰው ቢሠራበትና እኔም ጥቂት ብር ባገኝ ማን ይጎዳል? ሥራ የፈታ ሚክሰር እንደ ማከራየት ይቆጥረዋል። ሚክሰር ግን ቢሰበር የሚጠፋው ሚክሰሩ ብቻ ነው። ፈቃድ የሰጠ ሰው ስሙን ነው የሰጠው። ውሉ ላይ የሚሰፍረው፣ ግብር የሚጠየቅበት፣ ፍርድ ቤት የሚጠራው ያ ስም ነው። ሥራው ሲያልቅ ፈቃዱ ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ ስሙ ግን ውሉ ላይ፣ የግብር መዝገቡ ላይና ሕንፃው ላይ እንደተጻፈ ይቀራል።

ሕጉ በዚህ ላይ አያሻማም። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ማንም ሰው ጸንቶ የሚቆይ ፈቃድ ሳይኖረው በንግድ ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክላል፤ የተሰጠ ፈቃድም ለሌላ ሰው መገልገያ እንዲሆን፣ እንዲከራይ ወይም በመያዣ እንዲሰጥ አይፈቅድም። ስለዚህ አማችዎ ያለ ፈቃድ የሠራ ሰው ይሆናል፣ እርስዎ ደግሞ ፈቃድዎን ያስተላለፉ። ሁለታችሁም ተጠያቂ ናችሁ። በዚህ ላይ የብቃት ማረጋገጫው አለ። ብዙ ሰው የንግድ ፈቃድንና የብቃት ማረጋገጫን እንደ አንድ ወረቀት ያያቸዋል፤ ሁለት ናቸው። የንግድ ፈቃዱን የሚሰጠው የንግድ መሥሪያ ቤቱ ነው። የብቃት ማረጋገጫውን የሚሰጠው የኮንስትራክሽን ዘርፉን የሚመራው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የሚሰጠውም የእርስዎን ባለሙያዎች፣ የእርስዎን መሣሪያዎችና የእርስዎን የሥራ ልምድ መዝኖ ነው። ደረጃ 6 ማለት «እነዚህ ሰዎች፣ በእነዚህ መሣሪያዎች፣ ይህን ያህል ሥራ ይችላሉ» የሚል ምስክርነት ነው። ሳይቱ ላይ ሌላ ሰው ከቆመ ምስክርነቱ ሐሰት ሆነ ማለት ነው። ጨረታ ሰነዱ ውስጥ «የሳይት መሐንዲስ» ተብሎ የተጻፈው ስም እነዋሪን ረግጦ ባያውቅስ? እሱም ሐሰት ነው።

ይህን ስል ከላይ ሆኜ እየፈረድኩ እንዳይመስልዎት። እኔም ሠርቼዋለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙም ሳልቆይ አንድ ተቋራጭ ደረጃውን ለማሳደግ መሐንዲስ ጎድሎት ነበርና የዲግሪዬንና የሙያ ምዝገባዬን ቅጂ ሰጠሁት። በየወሩ ጥቂት ብር ይልክልኝ ነበር፤ ለወጣት ሰው የቤት ኪራይ ሸፈነ። ሦስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ከአንድ ማዘጋጃ ቤት ተደወለልኝ። የሳይት መሐንዲስ ሆኜ ፈርሜበታለሁ የተባለው የድጋፍ ግንብ ዘሞ የጎረቤት ግቢ ላይ ሊወድቅ ደርሷል። ግንቡን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። መዝገቡን ሲያሳዩኝ በስሜ ፊት ለፊት ፊርማ አለ፤ የእኔን ፊርማ የሚመስል፣ ግን የእኔ ያልሆነ። «አልፈረምኩም» ብል የሚከተለው ጥያቄ «ታዲያ ወረቀትህ እዚህ ምን ይሠራል?» ነበር። ለዚያ መልስ አልነበረኝም። ነገሩ በሽምግልናና ግንቡን አፍርሶ እንደገና በመሥራት አለቀ፤ ከወጪው የእኔን ድርሻ ከፍዬ ስጨርስ በየወሩ የተላከልኝ ብር ሁሉ ሄዶ ከኪሴም ጨምሬበታለሁ።

አሁን የእርስዎን ሒሳብ እናስላ። 4 በመቶ ከ12 ሚሊዮን ብር 480,000 ብር ነው። ጥሩ ገንዘብ ይመስላል። በሌላው ወገን ያለውን እንይ። በመንግሥት ግንባታ የውል ማስከበሪያ በተለምዶ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነው፤ 1,200,000 ብር። ይህን ዋስትና ባንክ ወይም ኢንሹራንስ የሚሰጠው በእርስዎ ስም ነው፤ ከፍሎ ቢገኝ ገንዘቡን መልሶ የሚጠይቀውም እርስዎን ነው። ቅድመ ክፍያ ደግሞ እስከ 30 በመቶ ሊሄድ ይችላል፤ 3,600,000 ብር። ገንዘቡ የሚገባው በድርጅትዎ የባንክ ሒሳብ ነው፤ የሚያወጣው ግን ውክልና የያዘው ሰው። አማችዎ ታማኝ ሰው ነው እንበል። ብረት በሁለት ወር ዋጋው ቢንር፣ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ቢታገት፣ ወይም ሌላ የተጀመረ ሥራ ኖሮት ቅድመ ክፍያውን እዚያ ቢያውለው ታማኝነቱ ብቻውን ቆርቆሮ አይገዛም።

የመዘግየት ቅጣቱ ደግሞ በተለምዶ በየቀኑ ከውሉ ዋጋ ከሺህ አንድ ሲሆን ጣሪያው 10 በመቶ ነው። ይህ በቀን 12,000 ብር ነው። 480,000ውን ለ12,000 ያካፍሉት፤ 40 ቀን ይመጣል። እንግዲህ የፈቃድ ኪራይዎ ሁሉ የአርባ ቀን መዘግየት ዋጋ ነው። እነዋሪ ያለችበትን የሞረትና ጅሩን ወረዳ ክረምት ያውቁታል። ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያ ጥቁር አፈር የጭነት መኪና አያሳልፍም፤ ገበሬው እንኳ ውኃው እንዲጠፈፍለት መደብ እያወጣ የሚዘራበት አገር ነው። ጊዜ ሰሌዳው ሰኔ ላይ መሠረት ቁፋሮ የሚል ከሆነ አርባው ቀን ሳይጀመር አልቋል።

ስለ አፈሩ ካነሳሁ እዚሁ ልጨርሰው፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚያሰጋኝ እሱ ነው። የእነዋሪ ዙሪያ ጥቁር መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ ላይ ጥልቀት በሌለው መሠረት የቆመ ግንብም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ግንቦት ላይ አፉን የከፈተ የግድግዳ ስንጥቅ ነሐሴ ላይ ገጥሞ ያያሉ፤ በሚቀጥለው ግንቦት ደግሞ ሰፍቶ ይመለሳል። ፍቱኑ መድኃኒት መረሬውን እስከ ጠንካራው አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ በተመረጠ ገረጋንቲ እየረጠበና እየተጠቀጠቀ መሙላት፣ ከመሠረቱም ዙሪያ ውኃውን ማራቅ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ሲሸፈን ደግሞ አይታይም። 4 በመቶ ለፈቃድ የከፈለ፣ ዋጋውን ለማሸነፍ ዝቅ ያደረገ ሰው ኪሳራውን የሚያካክሰው ከየት ይመስልዎታል? ከማይታየው ነው። ከቁፋሮው ጥልቀት፣ ከጥቅጠቃው፣ ከፌሮው ዲያሜትር።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ዋስ ነው ይላል። የሚያስገርመው፣ ኃላፊነቱ በአሠራር ጉድለት ብቻ አይወሰንም፤ ሕንፃው ባረፈበት መሬት ጠባይ የሚመጣውንም ጉዳት ይጨምራል። «አፈሩ ነው» ማለት ለተቋራጭ መከላከያ አይሆንም፤ አፈሩን ማወቅ ሥራው ነውና። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ኃላፊነቱን የሚሰርዝ ስምምነትም ዋጋ የለውም። የመንግሥት ሥራ በላዩ የራሱ ውልና ደንብ አለው፤ ጊዜያዊ ርክክብ፣ የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ፣ መያዣ ገንዘብ፣ የመጨረሻ ርክክብ። በተጨማሪም በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል የሕዝብ መገልገያና የተቋማት ሕንፃን በፎቁ ብዛት ሳይለይ ጥብቅ ቁጥጥር ባለበት ምድብ ሐ ውስጥ አስገብቶታል። አንድ ፎቅ ያልደረሰ ባለ አራት ክፍል የመማሪያ ብሎክ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ይህን ይርሳ እንጂ ሕጉ አልረሳውም። በዚያ ጣሪያ ሥር የሚቀመጡት ልጆች ናቸው።

ወደ ሦስቱ እማኞች ወረቀት ልምጣ። ሁለት ግድግዳ ይገጥመዋል። የመጀመሪያው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1952 ነው፤ በአጋጣሚ ሕጉ የወጣበት ዓመትም 1952 ስለሆነ ለማስታወስ ይቀላል። ውል የሚያስገድደው ተዋዋዮቹን ብቻ ነው ይላል። ወረዳው፣ ባንኩ፣ ግብር ሰብሳቢው፣ የተጎዳው የቀን ሠራተኛ፣ ሲሚንቶ በዱቤ የሸጠው ነጋዴ በእናንተ ወረቀት ላይ አልፈረሙም፤ ስለዚህ አይመለከታቸውም። እነሱ የሚያውቁት እርስዎን ነው። እንደራሴው፣ ማለትም ውክልና የያዘው ሰው፣ በሥልጣኑ ክልል ውስጥ በእርስዎ ስም ያደረገውን ደግሞ አንቀጽ 2189 እርስዎ ራስዎ እንዳደረጉት ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ግድግዳ የሚመጣው እርስዎ ከፍለው ካበቁ በኋላ ወረቀቱን ይዘው አማችዎን ሲከሱ ነው። ጠበቃው መጀመሪያ የሚያነሳው አንቀጽ 1716ን ይሆናል፦ መሠረቱ ሕገ ወጥ የሆነ ውል ፈራሽ ነው። ወረቀቱ ራሱ «ፈቃዴን አከራይቼዋለሁ» የሚል የእምነት ቃል ነውና፣ ፍርድ ቤት ይዘውት ሲቀርቡ በራስዎ ላይ የመሰከሩ ይሆናል። እማኞቹ ሦስት መሆናቸው ማስረጃውን አጠናከረው እንጂ አልረዳዎትም።

ፈቃዱ በግል ስምዎ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ቢሆን ኖሮ ዕዳው በመርህ ደረጃ ከማኅበሩ ንብረት አይዘልም ነበር። ግለሰብ ነጋዴ ግን በሥራው ዕዳ የሚጠየቀው በንብረቱ ሁሉ ነው፤ መኖሪያ ቤቱን ጨምሮ። ከባለቤትዎ ጋር ያፈራችሁት የጋራ ንብረትም ወደ ክርክሩ ሊጎተት ይችላል። ይህን ለአማችዎ በዚሁ ቃል ይንገሩት። እሱ የሚያስበው የእርስዎን ፈቃድ እንደተዋሰ ነው፤ ዋስ ያስቀመጠው ግን የእኅቱን ቤት ነው።

ስለ ሠራተኛና ስለ ግብር አጠር አድርጌ ልለፍ፤ ምንም ትንሽ ነገር ስለሆነ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚጠየቀው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። ሠራተኛው ፈጽሞ ለሥራ የማይበቃ ከሆነ፣ በአሠሪው መድን ወይም ጡረታ ካልተሸፈነ በቀር፣ ካሣው የአምስት ዓመት ደመወዙ ይሆናል። ከመወጣጫ እንጨት ላይ የወደቀው ልጅ አሠሪ ማን ነው? ውሉ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ለቋሚ ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ፣ 7 በመቶ ከሠራተኛው 11 በመቶ ከአሠሪው፣ ካልተከፈለም ዕዳው በእርስዎ ስም ይከማቻል። ግብሩ እንደዚያው ነው። 12 ሚሊዮኑ በእርስዎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የገባ ገቢ ነው፤ ደረሰኝ የሚቆረጠው፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታወጀው በእርስዎ ነው። አማችዎ አሸዋና ድንጋይ ያለ ደረሰኝ ከገዛ ወጪው በመዝገብ አይያዝልዎትም። ያላገኙትን ትርፍ አግኝተዋል ተብሎ ግብር ይወሰንብዎታል፤ ካልከፈሉ የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለብዎት የሚያሳይ ማስረጃ፣ የለም፤ ያለ ክሊራንስ በሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ አይታደስም፣ ጨረታም አይገባም። ፈቃድ ያከራዩ ብዙ ሰዎች የሚወድቁት በጉድለት ክስ ሳይሆን በዚህ ነው። ድምፅ የለውም፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በደብዳቤ ይመጣል።

አሁን የዘጠኙን ቀን ሥራ እንከፋፍል።

በመጀመሪያው ቀን ከአማችዎ ጋር ይቀመጡ። ባለቤትዎም ትኑር። ከጀርባው ውክልና መሻር መብትዎ ነው፤ ሕጉ ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል ይላል፣ አንቀጽ 2226። ነገር ግን ሰምቶ ቢቀበለው ሰነዶቹን በሰላም ይመልሳል፤ ካኮረፈ ዋናው ፈቃድ በእጁ ይቀራል። ለፈቃድ እድሳቱና ለቅጣቱ ያወጣውን፣ ለጨረታ ሰነዱ የከፈለውንም ገንዘብ በባንክ ይመልሱለት። በእጅ አይስጡት፤ ዱካ ይኑረው። ገንዘቡ በእርስዎ ዘንድ ከቆየ የኪራይ ቀብድ ይመስላል።

በማግሥቱ ውክልናውን ወደ ሰጡበት መሥሪያ ቤት ይሂዱና መሻሪያውን እዚያው ያስመዝግቡ። ይህ ብቻውን አይበቃም። መሻሩን ያላወቀ ሦስተኛ ወገን ከተወካዩ ጋር ቢዋዋል እርስዎን ሊከራከርዎት ይችላልና ለወረዳው የግዥ ክፍል፣ ለባንክዎ፣ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎና ብቃት ማረጋገጫውን ለሰጠው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ያሳውቁ። በየደብዳቤው ቅጂ ላይ የገቢ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። እግረ መንገድዎን ውክልናውን እንደገና ያንብቡት። «ጠቅላላ ውክልና» ብለው ሲሰጡ አንድ ትምህርት ቤት አስበው ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ግን የባንክ ሒሳብ መክፈትና ማንቀሳቀስ፣ ብድር መውሰድ፣ ቼክ መፈረም፣ ሌላ ሰው መወከል ተዘርዝሮ ያገኙታል። ጸሐፊው ከዝግጁ ቅጽ ነው የሚገለብጠው። በዚያ ወረቀት ሌላ ጨረታ ተገብቶ እንደሆነም ይጠይቁ፤ አንድ ውክልና ተሰጥቶ ሦስት ወረዳ ላይ ተወዳድሮ የተገኘ ሰው ገጥሞኛል።

ከዚያ ሰነዱን ማስወጣት። ተጫራች ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ሰነዱን በጽሑፍ አሳውቆ ማውጣት ወይም ማሻሻል ይችላል፤ የጨረታ ማስከበሪያውም ይመለሳል። ከተከፈተ በኋላ ራስዎን ቢያገልሉ ግን ማስከበሪያው ይወረሳል፤ አሸንፈው አልፈርምም ቢሉ ከዚህም የከፋ ነው፣ ከመንግሥት ጨረታ ለተወሰነ ጊዜ መታገድን ያስከትላል። የዘጠኙ ቀን ዋጋ ይህ ነው። የማስወጫውን ደብዳቤ ራስዎ ፈርመው፣ ራስዎ እነዋሪ ድረስ ሄደው ያስገቡ፤ ከደብረ ብርሃን የአንድ ቀን መንገድ አይደለም።

አንድ ሌላ አማራጭ አለ፤ ለሁሉም ሰው ስለማይሆን መጨረሻ ላይ አመጣሁት። ሰነዱን አስወጥተው ዋጋውን ራስዎ እንደገና ሠርተው፣ በራስዎ ፊርማ ማስገባት ይችላሉ፤ ሥራውን በእውነት የእርስዎ አድርገው። ሳይቱን ሄደው ይዩ፤ መረሬው ስንት ሜትር እንደሚወርድ አስቆፍረው ይለኩ፤ የቁፋሮና የሙሌት ዋጋው ከዚያ ጋር ይሄድ እንደሆነ ያመዛዝኑ። ካሸነፉ አማችዎን በሥራ ውል የሳይት ኃላፊ አድርገው ይቅጠሩት፤ ደመወዝ፣ ጡረታ፣ ከደመወዙ የሚቀነስ ግብር፣ ሥራው ሲያተርፍም ጉርሻ። ይህ ሽፋን እንዳይሆን መለኪያው ቀላል ነው። ከባንክ ገንዘብ የሚያወጣው ማን ነው? ሠራተኛ የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው ማን ነው? የሳይት ስብሰባ ላይ ከአማካሪው ጋር የሚቀመጠው ማን ነው? ሲከስር የሚከፍለው ማን ነው? ለአራቱም መልሱ «እኔ» ከሆነ ሥራው የእርስዎ ነው። ለአንዱ እንኳ «እሱ» ካሉ ኪራዩ ስሙን ቀይሮ ተመልሷል። በዘጠኝ ቀን ይህን ሁሉ ለመጨረስ ጉልበት ከሌለዎት ይህ ጨረታ ይለፍዎት፤ ሌላ ይወጣል።

የንዑስ ተቋራጭነት መንገድ ለአማችዎ አሁን አይሠራም። በመንግሥት ውል ሥራን ለንዑስ ተቋራጭ መስጠት የአሠሪውን ስምምነት ይጠይቃል፤ ንዑስ ተቋራጩም የራሱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በእጅ ዋጋ፣ ማለትም ለጉልበቱ ብቻ ተከፍሎት፣ የግንበኝነቱን ክፍል ይዞ መሥራት ግን የተለመደ ነው፤ በጽሑፍ ይሁን፣ የሚከፈለውም በልኬት ይሁን። ዘላቂው መፍትሔ የራሱን ፈቃድ ማውጣት ነው። ልምዱ ካለው የሙያ ብቃት ምዘናውን ይውሰድ፤ ከመሰሎቹ ጋር በማኅበር ተደራጅቶ ወይም በሕንፃ ተቋራጭነት ከዝቅተኛው ደረጃ ጀምሮ ይመዝገብ። የኮብልስቶንና የመጸዳጃ ቤት ሥራ ያንሰኛል ሊል ይችላል። ደረጃ 6 የደረሱት ሁሉ ከዚያ ነው የተነሱት፤ እርስዎም ጭምር ይመስለኛል። ሁለታችሁ በእውነት አብራችሁ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለው መሠረት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሙና ደረጃውን በማኅበሩ ስም አውጡ። እሱ ባለ ድርሻ ይሆናል፣ የእርስዎም ቤት ከውሉ ይወጣል።

ፈቃዱ ዘንድሮ በቅጣት መታደሱን አልወደድኩትም። ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ከጥር 1 ጀምሮ በቅጣት ነው። ሥራ ባይኖርም ማሳደስ ያስፈልጋል፤ ገቢ የሌለበትን ዓመትም ቢሆን ለግብር መሥሪያ ቤቱ አሳውቀው ያልፉታል እንጂ ዝም ብለው አይተዉትም። ሥራ የቀዘቀዘበት ተቋራጭ ፈቃዱን የሚያጣው ወይም ለሌላ የሚያሳልፈው በዚህ በታኅሣሥና በጥር መካከል ነው፤ የማሳደሻ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ አለ። የብቃት ማረጋገጫውንም ቀን ለብቻው ይመልከቱት፤ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ላይ ታድሰዋል ብለው አይገምቱ። መሐንዲስዎ ለቆ እንደሆነም አስቀድመው ያሳውቁ። ይህን ጽሑፍ ከፍቼ ከተማ ሆነው የሚያነቡም አይጠፉም፤ በአማራ ክልል ካለው ሌላ በኦሮሚያ ክልል ያለውም ሰሜን ሸዋ ነውና። ለእነሱ አዋጆቹ አንድ ናቸው፤ በሩን የሚያንኳኩት ግን በራሳቸው ክልል መሥሪያ ቤት ነው።

አንድ ነገር በጥያቄዎ ውስጥ አላየሁም፦ የድርጅትዎ ማኅተም የት ነው? ሰነዱን አማችዎ ሞልቶ ካስገባ በየገጹ ላይ ማኅተም መትቷል ማለት ነው። ውክልና በደብዳቤ ይሻራል፤ ማኅተም ግን በሰው ኪስ ውስጥ እያለ ያለፈ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ላይም ያርፋል። በመጀመሪያው ቀን ከፈቃዱም በፊት እሱን ተቀበሉ፤ እጅዎ ካልገባ ግን አዲስ አስቀርጸው የአሮጌውን መሻር ውክልናውን ከሚሽሩበት ደብዳቤ ጋር አብረው ያሳውቁ።